ክረምት የማይንደው የአፈር እርከን፦ ከልኬት እስከ ሳር ተከላ

"እርከን ሠርተን ነበር፤ ሐምሌ ላይ ጎርፍ በጥሶት ሄደ። ምን አጉድለን ነው?" ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣልኛል። ከገበሬ ልጆች ይመጣል፣ ገና ሥራ ከጀመሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይመጣል፣ አንዳንዴም ውጭ አገር ሆኖ ለወላጆቹ ማሳ ብር እየላከ ከሚያሠራ ሰው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እርከን (ዳገቱን አግድም አቋርጦ፣ ከቦይ በወጣ አፈር የሚሠራ ግድብ) በአብዛኛው የሚበጠሰው ልኩ ስላልተጠበቀ፣ ማለትም አናቱ አንዱ ቦታ ከፍ ሌላው ዝቅ ስላለ ነው። የአፈር ማነስ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ልኩ የተጠበቀ እርከን ውሃውን በያለበት ያቆመዋል። ልኩ የተዛባ እርከን ግን ውሃውን ሁሉ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሰበስብና በአንድ ቀዳዳ ይለቀዋል፤ ያለ እርከን ተበታትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ አሁን ተጠራቅሞ ይወርዳል፣ ከታች ያለውን ማሳ ቦረቦር ያደርገዋል። ዝናቡ ደግሞ እንደምታዩት ዘግይቶ እየገባ፣ ሲመጣም ባንዴ እየዘረገፈ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ልኬት ብዙ እጽፋለሁ። ቁፋሮውንማ ከእኔ በላይ ታውቁበታላችሁ።

መጀመሪያ፦ ማሳችሁ ለዚህ እርከን ይሆናል?

የአፈር እርከን የሚሠራው ተዳፋቱ ከ3 እስከ 15 በመቶ ለሆነ የእርሻ ማሳ ነው። እንዴት እንደሚለካ ከታች አለ። ከ3 በመቶ በታች ከሆነ ይህን ሁሉ መልፋት አያስፈልግም፤ ተዳፋቱን አግድም ማረስና በየተወሰነ ርቀት የሳር መስመር መትከል ይበቃል። ከ15 በመቶ ካለፈ ደግሞ አፈር ብቻውን አይችለውም፣ ፊቱ በድንጋይ የተደገፈ ወይም ሙሉ የድንጋይ እርከን ይፈልጋል።

ሁለተኛው ነገር ዝናቡና አፈሩ ነው። ዝናብ አጠር ባለበት አካባቢ፣ በግምት በዓመት ከ900 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነና አፈሩ ውሃ የሚያሰርግ ከሆነ፣ ፍጹም ልክ የሆነ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ያለ እርከን ትሠራላችሁ። ውሃው እዚያው ቆሞ ይሰርጋል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ድንገት ሲቋረጥ ሰብሉን የሚያቆየው ይህ እርጥበት ነው። ዝናብ በሚበዛበት ወይም አፈሩ ውሃ በሚቋጥርበት ደጋ ግን ልክ የሆነ እርከን ሰብሉን ውሃ ያስተኛበታል። እዚያ ትንሽ ያዘነበለ፣ ውሃውን ቀስ አድርጎ ወደ ማፋሰሻ (ትርፍ ውሃ ቁልቁል የሚወርድበት መስመር) የሚያወጣ እርከን ነው የሚሠራው።

ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ላይ ከሆናችሁ ቆም በሉ። ዋልካ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ይገባና እርከኑን ከሆዱ ይበሳዋል። ዋልካ ላይ ዋናው ሥራ ውሃ ማጠንፈፍ ነው። ያዘነበለ እርከንም ቢሆን ባለሙያ ሳያይላችሁ አትጀምሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የገመድ ውሃ ልክ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች "ላይን ሌቭል" የሚሉት፣ በሁለት መንጠቆ ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ዕቃ ነው። የግንባታ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፣ ከቀበሌው የግብርና ባለሙያም መዋስ ይቻላል።
- 11 ሜትር ገደማ የማይለጠጥ ሲባጎ (10 ሜትሩ ለልኬት፣ የቀረው ለቋጠሮ)።
- ሁለት ቀጥ ያሉ፣ እኩል 2 ሜትር የሆኑ ዘንጎች። ከታች ጀምራችሁ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉባቸው።
- ሜትር።
- ችካሎች። ለ200 ሜትር እርከን 25 ያህል ያዙ።
- ዶማ፣ አካፋ፣ መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ድጅኖ።
- መጠቅጠቂያ፦ እጀታ የተገጠመለት ከባድ ግንድ።
- ደሾ ሳር ወይም ቬቲቨር። ለ100 ሜትር አንድ መስመር ከ700 እስከ 1,000 ግንጣይ (ከሳሩ ጉጥ የተገነጠለ ችግኝ) ይፈጃል። ይህ ለሰኔ ነው፣ ግን ከአሁኑ የምታገኙበትን ችግኝ ጣቢያ እወቁ።
- ለልኬቱ 3 ሰው። ለቁፋሮው እንደ ማሳው።

ስለ ጉልበት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ፦ አገር ውስጥ የሚሠራበት የሥራ ልክ ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን ነው። አንድ ሰው በቀን ከ6 እስከ 7 ሜትር ይጨርሳል ማለት ነው። 200 ሜትር እርከን ላለው ሩብ ሄክታር 5 ሰው 6 ቀን ይሠራል። ወንፈል ካላችሁ ቀላል ነው። ለደቦ ከሆነ ጠላውን ከሥራው በኋላ አድርጉት፣ ልኬት ላይ ያለ ሰው በተለይ።

ጊዜው፦ ሰብል ከተነሳ በኋላ፣ አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ። ለመኸር አብቃይ አካባቢ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ጥር ይሻላል። በልግ የምትዘሩ ከሆነ ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ግማሹን ማሳ ዘንድሮ፣ ግማሹን ለከርሞ አድርጉት።

አሠራር

1. ከላይ የሚመጣውን ውሃ እዩ

ከማሳችሁ በላይ ምን አለ? ተራራ፣ መንገድ ወይም የግጦሽ መሬት ካለ የእሱ ጎርፍ ሁሉ እናንተ ላይ ይወርዳል። እርከን የተሠራው ማሳው ላይ ለወደቀ ዝናብ ነው፣ የተራራን ጎርፍ አይችልም። ስለዚህ በማሳው አናት መቀልበሻ ቦይ መቅደም አለበት።

ቦዩ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ተፈጥሯዊ የውሃ መውረጃ ካለ እሱ፤ ከሌለ ሳር የለበሰ ማፋሰሻ። ማፋሰሻው ሳር ሳይዝ ውሃ ከለቀቃችሁበት በአንድ ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ማፋሰሻውን በአንድ ዓመት አስቀድሙት። ጎረቤት ማሳ ላይ ውሃ መቀልበስ ደግሞ ጠብ ነው፤ ከላይና ከታች ካሉት ጋር ሳትነጋገሩ አንድ ዶማ አታንሱ።

2. ውሃ ልኩን ፈትሹ

ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል። ገመዱን ወጥራችሁ ውሃ ልኩን መሃል ላይ ስቀሉ፤ አረፋው በሁለቱ መስመሮች መካከል እስኪቆም አንዱን ጫፍ አስተካክሉ። አሁን ገመዱን ሳታንቀሳቅሱ ውሃ ልኩን አውርዳችሁ ግራ ቀኙን አዙራችሁ መልሳችሁ ስቀሉት። አረፋው አሁንም መሃል ከሆነ ደህና ነው። ከሸሸ ውሃ ልኩ ተበላሽቷል ወይም መንጠቆው ተጣሟል፤ በእሱ ለክታችሁ የምታወጡት መስመር በየ10 ሜትሩ ስህተት እየደመረ ነው የሚሄደው።

ውሃ ልክ ጨርሶ ከሌለ በሁለት እግር ቆሞ መሃሉ በአግዳሚ የተያያዘ እንጨት ሥሩ፣ ከአናቱም በክር ድንጋይ አንጠልጥሉ፤ ልክ እንደ ግንበኛ ቱምቢ። አቁማችሁ እግሮቹ ያረፉበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፣ ክሩ አግዳሚው ላይ የት እንዳረፈም ምልክት አድርጉ። ከዚያ እግሮቹን አቀያይራችሁ እዚያው ቦታ አቁሙና ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሃል የልኩ ቦታ ነው። ንፋስ ባለበት ቀን ግን በዚህ አትለኩ፣ ክሩ አይረጋም።

3. ተዳፋቱን ለኩ

አንድ ሰው ዘንግ ይዞ ከላይ ይቆማል፤ ሌላው ገመዱ እስኪወጠር 10 ሜትር ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ላይኛው ሰው ገመዱን ዘንጉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይያዝ። ታችኛው አረፋው መሃል እስኪመጣ ገመዱን ዘንጉ ላይ ከፍ ያድርግ። 100 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ እንበል። 100 ሲቀነስ 20፣ 80 ሳንቲ ሜትር። በ10 ሜትር 80 ሳንቲ ሜትር ወረደ ማለት ተዳፋቱ 8 በመቶ ነው። ሦስት ቦታ ለኩና አማካዩን ያዙ። በዓይን መገመት አይሆንም፤ ዓይን ዳገት ያጋንናል፣ ረባዳ ያሳንሳል።

4. በእርከኖች መካከል ያለውን ርቀት አስሉ

እዚህ ሚስጥሩ ርቀቱ ላይ ሳይሆን ከአንዱ እርከን እስከ ሌላው መሬቱ ስንት ሜትር ወረደ የሚለው ላይ ነው። ለዚህ ዓይነት ማሳ 1 ሜትር ውረድ ጥሩ መነሻ ነው። ወደ 15 በመቶ ሲጠጋ እስከ 1.5 ሜትር ማድረስ ይቻላል።

ስሌቱ፦ ውረዱን በ100 አባዙት፣ በተዳፋቱ አካፍሉት።

- ተዳፋት 5 በመቶ፣ ውረድ 1 ሜትር፦ ርቀት 20 ሜትር
- ተዳፋት 8 በመቶ፣ ውረድ 1 ሜትር፦ ርቀት 12.5 ሜትር
- ተዳፋት 15 በመቶ፣ ውረድ 1.5 ሜትር፦ ርቀት 10 ሜትር

"መሬት ይበላብኛል" ብላችሁ ርቀቱን እጥፍ ካደረጋችሁት ውሃው በመካከል ኃይል አግኝቶ ይደርሳል፣ እርከኑም የሚቀበለው ውሃ እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያው እርከን ከማሳው አናት ወይም ከመቀልበሻ ቦዩ በታች አንድ ርቀት ያህል ወርዶ ይጀምር።

5. መስመሩን አውጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ሳትቸኩሉ።

ገመዱን በሁለቱም ዘንጎች ላይ በእኩል ከፍታ እሰሩ፤ 1.5 ሜትር ለዓይን ይመቻል። ውሃ ልኩ ትክክል 5 ሜትሩ ላይ ይንጠልጠል። ገመድ በራሱ ክብደት ይረግባልና ውሃ ልኩ ከመሃል ከወጣ ገመዱ ልክ ሆኖ እያለ አረፋው ይዋሻል። ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጓል ላይ አይቁሙ። የበሬ ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ራሱ 5 ሳንቲ ሜትር ያሳስታል።

የኋላው ሰው መነሻ ችካሉ ላይ ይቆማል። የፊተኛው ገመዱን ወጥሮ ወደ ጎን ይሄዳል። ሦስተኛው ሰው መሃል ቆሞ አረፋውን ያነባል። አረፋ ሁልጊዜ ወደ ከፍታው ይሸሻል። ስለዚህ አረፋው ወደ ፊተኛው ሰው ከሸሸ ፊተኛው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ "ውረድ!" ትሉታላችሁ። ወደ ኋለኛው ከሸሸ "ውጣ!" ነው። የሚንቀሳቀሰው ፊተኛው ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከተንቀሳቀሱ መስመሩ ጠፋ። አረፋው መሃል ሲቆም ፊተኛው እግሩ ሥር ችካል ይተከላል፣ ኋለኛው ወደዚያ ችካል ይመጣል፣ ይቀጥላል። መሬቱ ጎርበጥባጣ ከሆነ ገመዱን ወደ 5 ሜትር አሳጥሩት፤ ውሃ ልኩም ያኔ 2.5 ሜትር ላይ ይሆናል።

ያዘነበለ እርከን ለምትሠሩ፦ ዝንባሌው ግማሽ በመቶ ይሁን፣ በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር። ወደ ማፋሰሻው እየሄዳችሁ የምትለኩ ከሆነ የኋላው ዘንግ ላይ ገመዱን 150 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የፊተኛው ላይ 155 ላይ እሰሩ። የፊተኛው መሬት 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ነው አረፋው መሃል የሚመጣው። ዘንጎቹን ካምታታችሁ ውሃው ወደ ማፋሰሻው መሄዱ ቀርቶ ወደ ማሳው ይመለሳል፤ ስለዚህ 155 ያለው ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት።

6. መስመሩን አለስልሱ

ችካሎቹ ዚግዛግ ሊመስሉ ይችላሉ። በጣም የሾለ ጥግ ካለ ችካሉን ግማሽ እርምጃ ያህል አንቀሳቅሱ፣ በሬ እንዲዞር። ቁልቁል ያወረዳችሁትን ችካል ግን ልዩ ምልክት አድርጉበት። እዚያ መሬቱ ዝቅ ስላለ እርከኑ በዚያው መጠን ከፍ ማለት አለበት። ልክ መሆን ያለበት የእርከኑ አናት ነው፤ እግሩ ልክ ሆኖ አናቱ ከተዛባ ውሃው የሚወጣው በአናቱ ነው።

መስመሩን ገመድ ዘርግታችሁ ቀጥ ለማድረግ ግን አትሞክሩ። ጠማማ ሆኖ ልክ የሆነ እርከን ይሠራል። ቀጥ ያለና ልክ ያልሆነ ለፎቶ ነው የሚያምረው።

መስመሩ ገባ ያለ ቦታ ሲያቋርጥ እዚያ ውሃ እንደሚሰበሰብ እወቁ። ቦታው ቦረቦር ከሆነ እርከን አታሻግሩበት፤ መጀመሪያ ቦረቦሩ በክትር (ጎርፉን በሚያቆም ትንሽ ግድብ) ይታከም፣ እርከኑም ከአፋፉ ራቅ ብሎ ይቁም።

7. መሠረቱን አዘጋጁና ቆፍሩ

እርከኑ የሚያርፍበትን 1 ሜትር ስፋት ሳሩንና ገለባውን ጠርጋችሁ በዶማ ቧጨር ቧጨር አድርጉት። ሳር ላይ የተከመረ አፈር ከመሬቱ ጋር አይያያዝም፤ ውሃ በመካከሉ ይሾልካል። የተነሳውን ለም አፈር ወደ ማሳው መልሱት።

ቦዩ ከእርከኑ በላይ፣ በዳገቱ በኩል ይቆፈራል። ልኬቱ፦

- ቦይ፦ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት
- በቦዩና በእርከኑ መካከል የማይነካ መሬት፦ 20 ሳንቲ ሜትር
- እርከን፦ ከታች 1 ሜትር፣ ከላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ስፋት፣ ከተጠቀጠቀ በኋላ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ

መካከል ያለችዋ 20 ሳንቲ ሜትር እንደ ትንሽ ነገር ትታያለች። ካልተተወች ግን የቦዩ ግድግዳ በውሃ ሲርስ ተንዶ እርከኑን ይዞት ይወርዳል። አፈር ካነሰ ቦዩን አስፉት እንጂ አታጥልቁት፤ ጥልቅ ቦይ ግድግዳው ይናዳል፣ ከብትም ይሰብራል።

ከላይኛው እርከን ጀምሩ። ከታች ጀምራችሁ ድንገት ዝናብ ቢመጣ የላይኛው ማሳ ውሃ ሁሉ አዲሱ እርከን ላይ ነው የሚያርፈው።

8. እየደለደላችሁ ጠቅጥቁ

አፈሩን ባንዴ አትከምሩ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አቁሙና በእግርም በመጠቅጠቂያም ደልድሉ፤ ከዚያ ሌላ ድርብ። ጓሎቹን ስበሩ። አፈሩ በእፍኝ ሲጨበጥ የሚያያዝ ያህል እርጥብ ከሆነ እጅግ ጥሩ ነው። ያልተጠቀጠቀ እርከን ዛሬ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይታያል፤ የሰኔ ዝናብ ሲመታው ይቀመጣል፣ እኩል አይቀመጥም ደግሞ። አንዱ ቦታ 50፣ ሌላው 40 ይሆናል። ውሃ 40ዋን ያገኛታል።

ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ግድግዳ አይሁኑ፤ ተንጋለል ያሉ ይሁኑ።

9. አናቱን ለኩ

ውሃ ልኩን አውጡትና እንደገና ሂዱ፣ አሁን ዘንጎቹ የሚቆሙት እርከኑ አናት ላይ ነው። በየ10 ሜትሩ። ዝቅ ያለው ቦታ አፈር ይጨመርበትና ይጠቅጠቅ። ሰው ደክሞት ወደ ቤት መሄድ በሚያምረው ሰዓት የሚመጣ ሥራ ስለሆነ ይዘለላል። አትዝለሉት።

10. ማገጃ፣ ጫፍና መተላለፊያ

ልክ በሆነ እርከን ቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትር ሳይቆፈር የሚተው የአፈር ማገጃ ይኑር። ከእርከኑ አናት በጣም ዝቅ ያለ ይሁን። ልኬታችሁ ጥቂት ቢዛባ ውሃው ወደ አንድ ቦታ እንዳይሮጥ ይይዘዋል፤ አንድ ቦታ ቢበጠስም የሚወጣው የዚያ ክፍል ውሃ ብቻ ነው። ያዘነበለ እርከን ላይ ግን ማገጃ አታድርጉ፣ ውሃው መሄድ አለበት።

ልክ የሆነ እርከን ጫፎቹ ጥቂት ወደ ዳገቱ ይታጠፉ፤ አለበለዚያ ውሃው በጫፉ ዞሮ ያመልጣል።

አንድ እርከን ሳይቋረጥ ከ60 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ከ80 ግን ፈጽሞ አይለፍ። በመካከል ለበሬና ለሰው መተላለፊያ ተዉ። የላይኛውና የታችኛው እርከን መተላለፊያ በአንድ መስመር አይግጠሙ፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ይሁን። ከገጠሙ ከብቱ ያንን እየረገጠ መንገድ ያወጣበታል፣ ጎርፉም መንገዱን ይወርሰዋል።

11. ሳር ትከሉ

አፈር ያለ ሳር ብዙ ክረምት አይቆይም። ዝናቡ በደንብ ሲገባ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ የሳሩን ጉጥ ነቅላችሁ ሁለት ሦስት ዘለላ እያደረጋችሁ ግንጥሉት። ሥሩን ወደ 10፣ ቅጠሉን ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት፤ ቅጠሉ ረዥም ከሆነ ሥር ሳይዝ ውሃውን ያተንናል። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትከሉ፣ ዙሪያውን በእግር ጠበቅ አድርጉ። ሁለት መስመር ከቻላችሁ የሁለተኛው ግንጣይ በመጀመሪያው ክፍተት ትይዩ ይሁን። የተነቀለ ሳር ፀሐይ ላይ አይዋል፤ በነቀላችሁበት ቀን ተክሉት።

ደሾ ወይስ ቬቲቨር? ከብት ካላችሁ ደሾ፤ አጭዳችሁ ታበላላችሁ። ቬቲቨር ሥሩ ጥልቅ ነው፣ አፈር አጥብቆ ይይዛል፣ ሲጠነክር ግን ከብት ብዙም አይወደውም። እርግብ አተር ወይም ሰስባኒያ በመካከል መዝራትም ይቻላል፣ መኖ ነው፣ አፈሩንም ያለማል። ባሕር ዛፍ ግን እርከን ላይ አይሆንም፤ ውሃውንም ብርሃኑንም ከሰብሉ ይሻማል።

12. የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል አካፋ ይዛችሁ ውጡ

ዝናቡ እንዳባራ ሂዱ፣ ቦዩ ውስጥ ውሃ አለ። ውሃው ራሱ አሁን ከየትኛውም መሣሪያ የበለጠ ልክ ይነግራችኋል፦ የት ወደ አናቱ እንደቀረበ፣ የት ቦዩ ባዶ እንደሆነ። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ወዲያው አፈር ጨምሩ። ሊፈስ ከደረሰ ከመሃል አትክፈቱት። መክፈት ግድ ከሆነ በጫፉ በኩል፣ ሳር ወዳለበት።

ማስጠንቀቂያ

- የተቆፈረ ቦይ ማታ አይታይም። ሕፃናትና ጥጃ በሚያልፉበት በኩል እሾህ ወይም ቅርንጫፍ አድርጉ።
- ድንጋይ ስታነሡ ሥሩን ሳታዩ እጅ አታስገቡ። እባብና ጊንጥ የሚያድሩት እዚያ ነው።
- ልቅ ግጦሽ ባለበት ያልታጠረ አዲስ እርከን የመጀመሪያውን በጋ አያልፍም። የመንደሩ ስምምነት ከሌለ ሥራችሁን ከስምምነቱ ጀምሩ፤ አጭዶ ማብላት ነው መፍትሔው።
- ፍልፈል የቆፈረውን ጉድጓድ ከዝናብ በፊት ቆፍራችሁ ጠቅጥቃችሁ ዝጉ። በጣት የሚዘጋ የሚመስል ቀዳዳ ነው እርከን የሚያፈርሰው።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

ኪሎ ሜትር ለመቁጠር መሥራት። በዘመቻ ሰው ሲበዛ ልኬቱ ይረሳና ሁሉም ፊቱ ያለውን ይቆፍራል። 200 ሜትር ልኩን የጠበቀ እርከን ከ1 ኪሎ ሜትር ዝም ብሎ ከተቆፈረ ይሻላል፤ ያልተለካው ጭራሽ ካልተሠራው ይብሳል።

እርከኑን ጠግቶ ማረስ። ሞፈር ቀንበር ይዞ በየዓመቱ አንድ ስንዝር ከእርከኑ እግር የሚቆርስ አለ። ሦስት አራት ዓመት ሲሆን እርከኑ የለም። ከታች በኩል ቢያንስ አንድ እርምጃ ሳር ይቅር።

የበጠሰውን ቦታ አፈር ጭኖ ብቻ መሙላት። የተበጠሰው ጎን ለስላሳ ስለሆነ አዲሱ አፈር አይያያዝበትም። ሁለቱንም ጎን እንደ ደረጃ ቁረጡ፣ በድርብ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፣ ከዚያ ለምን እንደበጠሰ ፈልጉ። አናቱ ዝቅ ብሎ ነው? ፍልፈል ነው? ከላይ ጎርፍ ገብቶ ነው? ምክንያቱ ካልተገኘ ለከርሞም እዚያው ነው የሚበጥሰው።

በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ መቁረጥ። ቦዩና እርከኑ አንድ ላይ ወደ 2 ሜትር ስፋት ይይዛሉ፤ ተዳፋቱ 8 በመቶ በሆነ ማሳ ከየ12.5 ሜትሩ 2 ሜትር ሄደ ማለት ነው፣ ቀላል አይደለም። ከእርከኑ አጠገብ የወጣው የታች አፈርም ጭንጫ ስለሆነ ሰብሉ ይቀጭጫል። እዚያች መስመር ላይ ኮምፖስት ወይም የበሰበሰ ፍግ ጨምሩ፣ መጀመሪያ ባቄላ ወይም ሽምብራ ዝሩባት። የሄደውን መሬት ደግሞ ሳሩ በመኖ ይመልሳል፤ ባዶ አፈር አድርጎ የተወው ሰው ነው ሁለት ጊዜ የሚከስረው።

ቦዩ በደለል ሲሞላ መተው። ደለሉ የእናንተው ለም አፈር ነው። በየበጋው ጠርጋችሁ እርከኑ አናት ላይ ጣሉት፤ እርከኑ በየዓመቱ እያደገ፣ በመካከል ያለው ማሳ እየተደላደለ ይሄዳል። ስትጠርጉ ማገጃዎቹን አብራችሁ እንዳትቆርጡ፣ ስትጨርሱም ውሃ ልኩን ይዛችሁ አናቱን አንዴ ሂዱበት፤ በ1 ክረምት ውስጥ ስንት ቦታ እንደወረደ ታያላችሁ።